በእኛ አቆጣጠር የተቀዳ ካሴት

ባለፈው ሳምንት ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ግሮሰሪ ውስጥ ቲማቲም ስመርጥ ከጣሪያው ሥር ካለው ድምፅ ማጉያ አንድ የድሮ የአሜሪካኖች ዘፈን ተለቀቀ። ጊታር፣ አርሞኒካ፣ የአንዲት ሴትና የሁለት ወንዶች ድምፅ። ሁለተኛው ስንኝ ሲያልቅ እጄ ቲማቲሙ ላይ ቆመ። ሳል እየጠበቅኩ ነበር። እኔ በማውቀው ቅጂ እዚያ ቦታ ላይ ከሕዝቡ መሀል አንድ ሰው ያስላል፤ ቀጥሎ አንድ ሕፃን ይስቃል። ግሮሰሪው ውስጥ የተለቀቀው ግን ስቱዲዮ ተዘግቶ የተቀዳው ነበርና ሳልም ሳቅም የለበትም። ዘፈኑ ጎደለብኝ። ከኋላዬ ጋሪዋን ልታሳልፍ የፈለገች ወጣት «ኤክስኪዩዝ ሚ፣ እማማ» አለችኝ፣ በሁለቱም ቋንቋ። አሳለፍኳት። ቲማቲሙን ሳልገዛ ወጣሁ።

ዛሬ ልጆች የፈለጉትን ኮንሰርት ስልካቸውን ነካ አድርገው ይከፍታሉ። በሰማንያዎቹ መጨረሻና በዘጠናዎቹ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ መድረክ ላይ የተቀዳ ዘፈን ለማግኘት ሰው ማወቅ ያስፈልግ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ክሪስታል ሲቲ ከአንድ ትልቅ ሕንፃ ሥር ያለ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። ከመስታወት የተሠራች ጠባብ ክፍል፣ አንድ በርጩማ፣ እግሬ ሥር አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ። የሰጡን ሰማያዊ ሹራብ ክርኑ ላይ ቶሎ ስለሚሳሳ ከውስጥ በኩል ጨርቅ እሰፋበት ነበር። ሬዲዮ ምድር ቤት አይገባም፤ ስለዚህ ካሴት እሰማለሁ። እነዚህን የጊታር ዘፈኖች የለመድኩት አገር ቤት ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። እንግሊዝኛ ያስተምረን የነበረ አንድ ወጣት አሜሪካዊ አርብ አርብ ጊታሩን ይዞ ይገባና ሰዋስው በዘፈን ያስጠናን ነበር። ሰዋስዉን ረሳሁት፤ ዘፈኖቹን አልረሳሁም። አንድ ቀን ታክሲውን አቁሞ ሊከፍል የደረሰ ሰው በመስኮቴ የሚወጣውን ድምፅ ሰማና በአማርኛ «ይሄ እኮ የስቱዲዮው ነው። መድረክ ላይ የዘፈኑትን ሰምተሽው ታውቂያለሽ?» አለኝ። እንደምን ዋልሽ እንኳ አላለም። ጋሽ ወርቁ እንደዚህ ነበር።

ጋሽ ወርቁ የኤርፖርት ታክሲ ይነዳል፤ የሚኖረው ላንድማርክ ከሚባለው የገበያ አዳራሽ አጠገብ፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት አፓርታማ ውስጥ ነበር። ትዳር አልያዘም። ሳሎኑ ውስጥ ሶፋ መቀመጥ ያለበት ቦታ ላይ የካሴት መደርደሪያ አቁሞ፣ እንግዳ የሚቀመጠው በመመገቢያው ጠረጴዛ ዙሪያ ነበር። ከመስኮቱ ማዶ የገበያ አዳራሹ የመኪና ማቆሚያ ይታያል። አሁን አዳራሹ ፈርሷል፤ ያን ጊዜ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ባዶ ካሴት በቅናሽ ሲወጣ የምንሮጠው እዚያ ነበር። የዘጠና ደቂቃው ይሻላል፤ የመቶ ሃያው ክሩ ስስ ነው፣ ይጠመጠማል። ሦስተኛችን ኃይሉ ነው፤ ከሁለታችንም የሚያንስ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሠራ፣ አፉ የማያርፍ ልጅ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ወርቁ ቤት እንገናኝና እያንዳንዳችን ያገኘነውን እናሰማለን። ሌላው አበሻ የአገሩን ዘፈን ሲለዋወጥ እኛ የፈረንጅ ዘፈን በመለዋወጣችን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «የፈረንጅ አዝማሪ ማኅበር» የሚል ስም ወጥቶልን ነበር። ኃይሉ ስሙን ወደደው። ጋሽ ወርቁ ግን ለአንድ ወር ያህል ስሙን ያወጣችውን ሴትዮ በታክሲው አላሳፈራትም።

እንደኛ ያሉ ሰዎች፣ አብዛኞቹ አሜሪካኖች፣ በየከተማው ነበሩ። ማን የቱን ካሴት እንደያዘ የሚገልጽ ወረቀት እያባዙ በፖስታ ይላላካሉ። የእኛን የሚያባዛው ኃይሉ ነው። ካሴት አይሸጥም፤ ባዶውን ትልካለህ፣ ተሞልቶ ይመለስልሃል። ከዋናው የተቀዳውን ልጅ፣ ከልጁ የተቀዳውን የልጅ ልጅ እንለው ነበር። በተቀዳ ቁጥር ድምፁ እየራቀ፣ የዝናብ ድምፅ የሚመስለው ነገር እየበረታ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ከካሊፎርኒያ የመጣ ካሴት ከፍተን ከዝናቡ በስተቀር ምንም ስናጣ ኃይሉ ጆሮውን ወደ ቴፑ አስጠግቶ ቆየና «ይሄስ ሰባት ቤት አልፏል፤ መጋባት ይችላሉ» አለ። ጋሽ ወርቁ በካሴት መቀለድ አይወድም፤ ግን ሳቀ።

ጋሽ ወርቁ ራሱ የቀዳቸውም ነበሩት። ከሁሉ የሚኮራበት፣ ግሮሰሪ የሰማኋቸውን ሦስት ዘፋኞች አንድ መናፈሻ ውስጥ የቀዳበትን ነው። ሦስቱም በዕድሜ ገፍተው ነበር፤ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ወደዚያ መናፈሻ እየመጡ ይዘፍናሉ፣ መቅዳትም አይከለክሉም። እኔ አብሬው ሄጄ ነበር። ፍልሰታ ስለነበር ሰው ሁሉ ሣሩ ላይ ዶሮውን ዘርግቶ ሲበላ እኛ በፌስታል የተቀቀለ በቆሎ ይዘን ተቀምጠናል። ጋሽ ወርቁ መቅጃውን በተጣጠፈው ነጠላዬ ላይ አስቀምጦ «እንዳትተነፍሺ» አለኝ። እኔም አልተነፈስኩም፤ ግሮሰሪ እስከሰማሁት ዘፈን አዝማች ድረስ። እንግሊዝኛው ስለ አዲስ ቀን የሚል ነገር ነው። እኛ ዘጠነኛ ክፍል ሳለን ግን «እናኑ» የሚል መስሎን፣ እናኑ ስለምትባል አንዲት ልጅ ነው የሚዘፍኑት ብለን ነበር የያዝነው። ኋላ ትክክሉን ባውቅም ምላሴ የለመደው እናኑን ነው። ሳላስበው ከዘፋኞቹ ጋር ዝቅ ባለ ድምፅ እናኑ፣ እናኑ አልኩ። ጋሽ ወርቁ ቤቱ ገብቶ ሲሰማው ራሱን ይዞ ተቀመጠ። «ሦስት ሰው ልቀዳ ሄጄ አራት ይዤ ተመለስኩ» አለ። ለረጅም ጊዜ ይህን ማንሣት አልተወም። በካሴቱ ሽፋን ላይ እንደ ልማዱ ቀኑን ጻፈ፦ 8-12-81። ነሐሴ ስምንት ቀን ሰማንያ አንድ ማለት ነው። የታክሲውን ወረቀት በፈረንጅ ይሞላል፤ የራሱን ነገር ግን የሚጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነበር። ኃይሉም ቁጥሩን እንዳለ ወስዶ ወረቀታችን ላይ አሰፈረው።

ጥቂት ዓመታት አለፉ። ከውድብሪጅ ሚስተር ዋልተር የሚባል ሰው ያን ካሴት ጠይቆ ባዶ ላከ። ዛሬ ውድብሪጅ የአበሻ አገር ሆኗል፤ ልጄም የሚኖረው እዚያ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ስሙን የማውቀው በሀይዌይ ምልክት ነበር። ሁለት ካሴት የሚያጎርስ ቴፕ ያለኝ እኔ ስለነበርኩ የመቅዳቱ ሥራ የኔ ነው፤ ቀድቼ፣ ቁጥሩን ገልብጬ ላክሁለት። ብዙም ሳይቆይ ስልክ ደወለ። ሽማግሌ ነው፤ በየዐረፍተ ነገሩ መሀል ቆም ይላል። ሩት የምትባል ሚስቱ እንደሞተችበት ነገረኝ። በዚያ ዓመት ነሐሴ ላይ ሁለቱ እዚያ መናፈሻ ውስጥ ከመድረኩ ፊት ለፊት ተቀምጠው እንደነበር፣ ከአጠገባቸው አንድ ሰው ሲቀዳ እንዳየ፣ እሷ ካረፈች ወዲህ ያን ካሴት ሲፈልግ እንደኖረ አጫወተኝ። በሌላ ቦታ ድምፅዋ አልቀረም። የስልክ መልእክት መቀበያው ላይ ያለው እንኳ የእሱ ድምፅ ነው።

«ከማይኩ አጠገብ የምታንጎራጉር ሴት አለች» አለኝ። «እሷ ሩት ናት። በሕይወቷ የአንድ ዘፈን ቃል በትክክል ይዛ አታውቅም፤ የጎደለውን ከራሷ ትሞላለች። አዝማቹ ላይ ኢናኑ ነው የምትለው። ኢናኑ! እንደሱ የምትል ሌላ ሴት በዓለም ላይ የለችም።»

በየቀኑ ማታ ከእራት በኋላ እንደሚሰማት ነገረኝ። ቀጥሎም፣ ቅጂ ቅጂ ነውና፣ ዋናውን ካሴት አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሰማ ብንፈቅድለት በሚመጣው እሑድ ሊመጣ ፈለገ። ይምጡ አልኩት።

ቅዳሜ ዕለት ጋሽ ወርቁ ቤት ሄጄ ለሁለቱ ነገርኳቸው። ሰውየው ዓመቱን ሰማንያ አንድ እንዳለው ስናገር ጋሽ ወርቁ ቆጣ አለ። «በእነሱ ሰማንያ አንድ እኔ ሱዳን ነበርኩ። አሜሪካን በካርታ ነበር የማውቃት።» ከዚያ ተነሥቶ ካሴቱን ከመደርደሪያው አወረደና ሽፋኑን ወደ መስኮቱ አዙሮ ተመለከተው። ኃይሉም ገባው። አሜሪካኖች ወሩን ያስቀድማሉ። ስምንት፣ አሥራ ሁለት ሲሉ ኦገስት አሥራ ሁለት ማለታቸው ነው። የእኛ ነሐሴ ስምንትም የሚውለው ኦገስት ላይ ነው። ቁጥሩ ከወዲህም ከወዲያም ቢነበብ ያው ወር ላይ ወድቋል፤ ቦታውን የሳተው ዓመቱ ብቻ ነው። ካሴቱ የተቀዳው በእነሱ ሰማንያ ዘጠኝ ነው። ሰውየው ሚስቱ ያረፈችው በዚያው ዓመት ማርች ላይ እንደሆነ በስልክ ነግሮኝ ነበር። እኛ መናፈሻው ውስጥ በቆሎ ስንበላ ሩት ከሞተች አምስት ወር ሊሆናት ነበር።

ጋሽ ወርቁ እንዳይነገረው ፈለገ። ሰውየው ሚስቱን አግኝቷል፤ ከእጁ ላይ መልሰን የምንነጥቀው ምን ቤት ነን ብሎ ተከራከረ። ኃይሉ ግን ነገሩ በእኛ እጅ እንደማይቆይ አየ።

«ጋሽ ወርቁ፣ ሰውየው ካሴቱን ለሌላው ማዳረሱ አይቀርም» አለ። «እነዚህ ሰዎች ደግሞ የቱ ዘፈን በየትኛው ዓመት እንደወጣ እንደ ዳዊት ነው የሚደግሙት። ሁለተኛው ገጽ ላይ ያለው የመጀመሪያ ዘፈን በሰማንያ አንድ ገና አልተጻፈም ነበር። ነገ ከነገ ወዲያ አንዱ ኮል አድርጎ ‹ተሳስተሃል› ይለዋል። ከማያውቀው ሰው በስልክ ከሚሰማ እዚህ ቁጭ ብሎ ቢሰማ አይሻልም?»

«እሺ፣ አንተ ንገረዋ።»

«እኔ ምን አገባኝ? ቀኑን የጻፍከው አንተ።»

«ዘፋኟ እሷ ናት» አለ ጋሽ ወርቁ፣ በአገጩ ወደ እኔ እያመለከተ። ሁለቱም እኔን ማየት ጀመሩ። ካፖርቴን ለብሼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሚስተር ዋልተር እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደረሰ። ረጅም፣ ጎንበስ ያለ፣ የተተኮሰ ቡናማ ጃኬት የለበሰ ሰው ነው። የኮክ ፓይ በሁለት እጁ ይዟል። ካሴት መደርደሪያውን ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ። ጋሽ ወርቁ የቴፑን ጭንቅላት በአልኮልና በጥጥ ሲያጸዳ አርፍዶ ነበር፤ ካሴቱን አስገባና ቁልፉን ተጫነ። ሦስታችን ማን እንደሚነግረው አስቀድመን አልተስማማንም ነበር። የመጀመሪያው ዘፈን አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ። ያ ዘፈን ሲጀምር ሚስተር ዋልተር ወንበሩን ወደ ቴፑ አስጠጋ፤ አዝማቹ ሲቃረብ ስሙልኝ እንደማለት ጣቱን አነሣ።

እኔ ሰው ፊት ዘፍኜ አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ከንፈሬን ነው የማንቀሳቅሰው። እንግሊዝኛዬ ግን እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ሳያቆስል የሚናገር አልነበረም። ስለዚህ አዝማቹ ሲመጣ ከካሴቱ ጋር እናኑ አልኩ። ሁለተኛው ጊዜ ላይ ድምፄ ተስተካከለ። በካሴቱ ውስጥ ያለችውና ጠረጴዛው አጠገብ ያለችው እኩል ትንፋሽ ወስደው፣ እኩል ተሳስተው ጨረሱ። ጋሽ ወርቁ ሊያጠፋው እጁን ሲሰድ ሚስተር ዋልተር አይሆንም አለው። ዘፈኑ እስኪያልቅ ጣቱን አላወረደም።

«አንቺ ነበርሽ» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

የሚቆጣ ወይም የሚያለቅስ አይመስልም ነበር። እናኑ ማን እንደሆነች ጠየቀኝ። ማንም አይደለችም፣ በልጅነታችን በትክክል ያልሰማነው ቃል ነው አልኩት። ሩትም ልክ እንዲህ ነበረች፣ የእሷ ግን ሌላ ቃል ሳይሆን አይቀርም፣ ረስቼው ነው ማለት ነው አለ። ይህን ያለበት ድምፅ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ከበደኝ። ከዚያ ስለ ቀኑ ጠየቀ፤ ጋሽ ወርቁ ካሴቱን አውጥቶ ቁጥሩን አንድ በአንድ እየነካ አስረዳው። ወራችን ከእነሱ ወር በጥቂት ቀን እንደሚለይ፣ ዓመታችን ሰባትና ስምንት ዓመት ወደ ኋላ እንደሆነ፣ ይህን የሚጽፈው ሰውን ለማሳሳት ሳይሆን እጁ ስለለመደው እንደሆነ ነገረው። ጋሽ ወርቁ ይቅርታ ሲጠይቅ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ታዲያ ዘንድሮ በእናንተ ስንት ነው?» አለ ሚስተር ዋልተር።

«ሰማንያ ስድስት።»

ሰውየው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አሰበ። «ሰማንያ ስድስት ላይ ሩት ደህና ነበረች» አለ። «ጸጉሯን ያሳጠረችበት ዓመት ነው። ባሕር ዳርቻ ሄደን ነበር፣ ዝናብ ብቻ ሆነብን።» ወደ ጋሽ ወርቁ ዞረ። «እዚህ ቤት ውስጥ ገና አልሞተችም ማለት ነው።»

ጋሽ ወርቁ ካሴቱን ወደ ሽፋኑ መለሰና «በእኛ አቆጣጠር፣ ገና ናት» አለው። እኔ ፓዩን ልቆርስ ተነሣሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ሚስተር ዋልተር ሳይጠራ መጣ። ከዚያም ቀረ የምንለው ቀን የለም። በካርቶን ሙሉ የራሱን ካሴቶች ያመጣል፤ አብዛኞቹ ልጅ ናቸው፣ ሁለት ሦስቱ እናት። ኃይሉ የሰባት ቤቱን ነገር አስተማረው፤ መጥፎ ቅጂ ሲሰማ «መጋባት ይችላሉ» ማለት ለመደ። ያን የመናፈሻውን ካሴት እንድንከፍትለት ግን ደግሞ አልጠየቀም። እሱ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነበር። ጃኬቱን ሳያወልቅ ጋሽ ወርቁን በእናንተ ዛሬ ምንድን ነው ይለዋል። ጋሽ ወርቁ ቀኑን ይነግረዋል። ሚስተር ዋልተርም በዚያ ዓመት፣ በዚያ ሰሞን ሩት ያደረገችውን ይነግረናል። ዘንድሮ ሩት መነጽር አስለወጠች። ዘንድሮ ሩት ከጎረቤት ጋር በአጥር ተጣላች። እንቁጣጣሽ ሲደርስ ኃይሉ ስልክ ደውሎ እንኳን አደረሰህ ይለዋል፤ እሱ ደግሞ በፊት ባይገባውም ኋላ ላይ «እንኳን አብሮ» የሚለውን ይዞ ነበር። ሰማንያ ሰባት ገባ፣ ሰማንያ ስምንት ገባ። ሰማንያ ዘጠኝ መስከረም ላይ ግን ኃይሉ ሲደውልለት «እንኳን አብሮ» አላለውም። ከዚያ ወዲህ እሑድ ሲመጣ ቀኑን መጠየቅ ተወ። ስለ ሐኪም ቤት፣ ስለ ሩት ክብደት አንዳንድ ነገር ይጀምርና ይተወዋል። ቀብሯ ዕለት ሰው ሁሉ ለአንድ ሰዓት ቆሞ እንደተበተነ፣ በማግሥቱ ስልኩ እንኳ እንዳልጮኸ የነገረን በዚያ የበረዶ ወራት ነው።

መጋቢት ላይ፣ ሩት ያረፈችበት ቀን በእኛ አቆጣጠር ሲደርስ፣ ጋሽ ወርቁ ሥራ ቦታዬ ድረስ መጣ። ታክሲውን ከመስታወቷ ክፍል አጠገብ አቆመና መስኮቱን አወረደ።

«ነገ ፈቃድ ውሰጂ፤ ጥቁርሽንም ልበሺ» አለኝ።

«እሱ ጠራን እንዴ?»

«አልጠራንም። ግን እኔ አይደለሁም እንዴ ቀኑን የሰጠሁት?»

በማግሥቱ ሦስታችን በታክሲው ወደ ውድብሪጅ ወረድን። ሁዳዴ ስለነበር ምስርና ጎመን ሠርቼ፣ ድስቱን በጨርቅ አስሬ ጭኔ ላይ ይዣለሁ። ሚስተር ዋልተር በሹራብና በነጠላ ጫማ በሩን ከፈተ። በመጀመሪያ እኔን፣ ጥቁር ቀሚሴንና ነጠላዬን አየ፤ ከዚያ የጋሽ ወርቁን ጥቁር ክራባት። ለምን መጣችሁ አላለም። ከበሩ ገለል አለልን። ጋሽ ወርቁ ባርኔጣውን አውልቆ በአማርኛ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለው፤ እኛም እየተከተልን አልነው። ትርጉሙን ማንም አልነገረውም።

ሳሎኑ ውስጥ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳው አስጠግተን ተቀመጥን። እሱ ግን እንግዳ ሲመጣ እንደለመደው በቀጥታ ወደ ቴፑ ሄዶ ካሴት ይመርጥ ጀመር። አንዱን ያወጣል፣ ይመልሳል፣ ሌላውን ያወጣል። ጋሽ ወርቁ ተነሥቶ ክንዱን ያዘው።

«ዛሬ አይከፈትም» አለው። «ልቅሶ ቤት ነው።»

ሚስተር ዋልተር እጁ ላይ ያለውን ካሴት ቦታው መለሰና መጥቶ ከመሀላችን ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፈውም። ፀሐይዋ ወደ ኋለኛው መስኮት እስክትዞር አብረነው ተቀመጥን፤ ቴፑም እንደተዘጋ ዋለ።